«ሥልጣን የለኝም» እንዳይባሉ፦ የቺካጎው ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረጃ በደረጃ

መሀል ቺካጎ፣ ዲርቦርን ጎዳና ላይ፣ ባለ 30 ፎቅ ጥቁር ሕንፃ አለ። ብረትና መስታወት ብቻ ነው። ዲርክሰን ይሉታል። የነደፈው ስመ ጥሩው አርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮህ ነው፤ ያለቀው በ1964። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ታክሲ እነዳ በነበረበት ጊዜ በቀን ስንት ጊዜ በፊቱ እንዳለፍኩ ቆጥሬ አላውቅም። ውስጡ ምን እንደሚሠራ ግን ግድም አልነበረኝ።

ግድ የሰጠኝ ከማርች 10 ቀን 2019 በኋላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰው አለቀ። ክሱ ቺካጎ ተከፈተ ሲባል ቡና ላይ የተቀመጠው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ ቢሾፍቱ ለወደቀ አውሮፕላን ቺካጎ ምን አገባት?

ጥያቄው ተራ ይመስላል። ግን የፍርድ ቤት ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኛ ስንበደል መጀመሪያ የምናስበው «እውነቱ ከማን ጋር ነው?» የሚለውን ነው። ዳኛው ግን ከዚያ በፊት «ይህን ለማየት እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። መልሱ «ማንም» ከሆነ እውነትዎ የተራራ ያህል ቢሆንም ፋይልዎ ይዘጋል። አንድ ጓደኛዬ ደርሶበታል። ኢሊኖይ ነዋሪ ሆኖ ኢሊኖያዊ አከራዩን ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ወራት ጠብቆ ያገኘው ሁለት ገጽ ወረቀት ነው፤ ሥልጣን የለንም የሚል። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እሱን እንዳይሆን ነው። ጠበቃን አይተካም፤ ጠበቃ ጋ ሲሄዱ ግን ባዶ እጅዎን አይሄዱም።

ደረጃ 1፦ የማን ፍርድ ቤት እንደሆነ ይለዩ

የዚህ ፍርድ ቤት ሙሉ ስም የሰሜን ኢሊኖይ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ነው። በአገራችን አነጋገር የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እንደማለት ነው። ክስ የሚጀመረው፣ ምስክር የሚሰማው፣ ጁሪ (ከተራው ሕዝብ ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡ ሰዎች) የሚቀመጠው እዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ 94 አሉ።

አገር ቤት ያለውን አሠራር ለሚያውቅ ሰው አንድ ልዩነት አለ። በእኛ ሕገ መንግሥት መሠረት በብዙ ክልሎች የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃውን ሥልጣን በውክልና ይሠራል። አንድ ዳኛ ሁለት ባርኔጣ ያደርጋል ማለት ነው። አሜሪካ እንዲህ ያለ ውክልና የለም። ፌዴራሉ የራሱ ሕንፃ፣ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ መዝገብ ቤት አለው። ስቴቱም እንደዚያው።

ቺካጎ ላይ ሁለቱ ፍርድ ቤቶች በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው የሚራራቁት፤ ሁለቱም ዲርቦርን ጎዳናን ይነካሉ። ሰው ሁሌ የሚሳሳተው ለዚህ ነው። የእኔ ዘዴ ይህ ነው። ከጎዳናው ማዶ አደባባዩ ላይ ትልቅ ቀይ የብረት ቅርጽ ካዩ የቀራጺው ካልደር «ፍላሚንጎ» ነው፤ ፌዴራል ደርሰዋል። ፊቱ የዝንጀሮ ይሁን የሴት የማይለይ ቡናማ ሐውልት ካዩ ደግሞ የፒካሶ ነው፤ ያ ዴሊ ሴንተር ነው፣ የስቴቱ ፍርድ ቤት፤ ቺካጎ ያለችበት አውራጃ፣ የኩክ ካውንቲ።

ደረጃ 2፦ የሥረ ነገር ሥልጣኑን ይፈትሹ

የሥረ ነገር ሥልጣን ማለት ፍርድ ቤቱ የትኛውን ዓይነት ጉዳይ ማየት እንደሚችል ነው። ዋናው ደረጃ ይህ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። የስቴት ፍርድ ቤት ማንኛውንም ነገር ለማለት ይቻላል ያያል። ፌዴራሉ ግን ሕገ መንግሥቱና ኮንግረስ የሰጡትን ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ከሳሹ በየትኛው በር እንደገባ ማሳየት አለበት። በሮቹ በዋናነት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በር የፌዴራል ሕግ ነው። አቤቱታዎ የቆመው በፌዴራል ሕግ ላይ ከሆነ የገንዘቡ መጠን አያሳስብም። ሬስቶራንት ውስጥ በሳምንት 60 ሰዓት ሠርተው የትርፍ ሰዓት ካልተከፈለዎት ያ የፌዴራል የሥራ ሕግ ጉዳይ ነው። በዘርዎ ወይም በሃይማኖትዎ ምክንያት ከሥራ ከተባረሩም እንዲሁ። ፖሊስ ያለ አግባብ ደብድቦዎት ከሆነም እንዲሁ።

ሁለተኛው መንግሥት ራሱ ባለጉዳይ ሲሆን ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሲከስ ወይም ሲከሰስ ቤቱ እዚህ ነው። የፌዴራል ወንጀል ሁሉም እዚህ ይታያል። የቺካጎውን የወንበዴ አለቃ አል ካፖንን ያስታውሱ። ቺካጎ ውስጥ ስንት ደም ፈሰሰ፣ ስንት ሰው ተገደለ። ግድያ ግን የስቴት ወንጀል ነው፤ የስቴቱ በር ደግሞ ለካፖን ሳይከፈት ቀረ። የፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ በራሳቸው በር ዞሩ፤ ገቢ ግብር። በ1931 ዳኛ ጄምስ ዊልከርሰን ፊት ቀርቦ 11 ዓመት ተፈረደበት። ችሎቱ ሊጀመር ሲል ዳኛው የጁሪ እጩዎቹን በሙሉ ከሌላ ዳኛ ጋር ተለዋወጡ፤ ካፖን የቀድሞዎቹን ለመግዛት እየሞከረ ነው የሚል ወሬ ደርሷቸው ነበር። ሰውየው የወደቀው በታወቀበት ወንጀል አይደለም። ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ሊከሰስበት በተቻለው ወንጀል ነው።

ሦስተኛው በር ባለጉዳዮቹ የተለያየ ስቴት ወይም አገር ሰዎች ሲሆኑ የሚከፈተው ነው። ሐሳቡ ያረጀ ነው፤ «የአገሩ ዳኛ ለአገሩ ልጅ ያደላል» የሚል ፍርሃት። ይህ በር ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ከከሳሾቹ አንዱም ከተከሳሾቹ ከአንዱም ጋር የአንድ ስቴት ሰው መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ የሚጠየቀው ገንዘብ ከ75,000 ዶላር መብለጥ አለበት። ኩባንያ ከሆነ ሁለት አገር አለው ተብሎ ይቆጠራል፤ የተመዘገበበት ስቴትና ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለበት ስቴት።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው አንድ ወጥመድ አለ። «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ እሱ አሜሪካዊ ነው፣ ስለዚህ ልዩነት አለን» ብለው ያስቡ ይሆናል። ግሪን ካርድ ካለዎትና ኢሊኖይ ከኖሩ ግን ኢሊኖያዊን በዚህ በር መክሰስ አይችሉም። ጓደኛዬን የጣለው ይህ ነው።

በ1856 ኤፊ አፍተን የተባለች የእንፋሎት መርከብ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ከተሠራው የመጀመሪያ የባቡር ድልድይ ጋር ተጋጭታ ተቃጠለች። የመርከቧ ወገን ድልድዩን ከሰሰ። ባለ መርከቡ የኦሃዮ ሰው ነበር፤ የድልድዩ ኩባንያ የኢሊኖይ። ስለዚህ በ1857 ክሱ ቺካጎ ላይ በፌዴራል ችሎት ታየ። ያኔ ትልልቅ ክስ የሚያየው ከዲስትሪክቱ ጎን የነበረው ሰርኪዩት ኮርት የሚባለው ነበር፤ በኋላ ላይ ተሽሮ ሥራው ሁሉ ለዲስትሪክቱ ተሰጠ። ለድልድዩ ከቆሙት ጠበቆች አንዱ አብርሃም ሊንከን ነበር። ጁሪው መስማማት አቅቶት ተበተነ።

ከ160 ዓመት በኋላ መርከቡ አውሮፕላን ሆነ እንጂ በሩ ያው ነው። አውሮፕላኑን የሠራው ቦይንግ ከ2001 ጀምሮ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቺካጎ ነበር፤ ወደ ቨርጂኒያ መዛወሩን ያስታወቀው በ2022 ነው። ሟቾቹ ከ30 በላይ አገሮች ዜጎች ነበሩ። አውሮፕላኑ የወደቀው ቢሾፍቱ ይሁን እንጂ ተከሳሹን ቤቱ ሄደው ነው የከሰሱት። «ቺካጎ ምን አገባት?» ለሚለው መልሱ ይህ ነው።

ደረጃ 3፦ ግዛቱንና ሰውየውን ይፈትሹ

በሩን ካገኙ በኋላ የትኛው ዲስትሪክት የሚለው ይመጣል። ይህን ለመረዳት ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። ደረቅ አይደለም፣ ይታገሱኝ።

ኢሊኖይ በ1818 ስቴት ልትሆን ስትል ሰሜናዊ ድንበሯ አሁን ካለበት በጣም ዝቅ ብሎ ነበር የታሰበው። ቺካጎ የዛሬዋ ዊስኮንሲን ውስጥ ልትቀር ነበር። ናትናኤል ፖፕ የተባለ የግዛቲቱ ተወካይ ኮንግረስ ላይ ተሟግቶ መስመሩን ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን አስገፋው። በዓመቱ፣ በ1819፣ የኢሊኖይ ፌዴራል ዲስትሪክት ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳኛ ማን ሆነ? ራሱ ፖፕ። ድንበሩን አስምሮ ከዚያ ድንበሩ ላይ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ነገር ሁሌ ደስ ይለኛል።

ፖፕ በ1850 ሞተ፤ ቶማስ ድረመንድ ተተካ። ቺካጎ በባቡር ምክንያት እያበጠች ስትሄድ አንድ ፍርድ ቤት አልበቃ አለ። በ1855 ዲስትሪክቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ሰሜንና ደቡብ። ድረመንድ ሰሜኑን ያዘ። በ1871 ታላቁ የቺካጎ እሳት ሲነሳ የፍርድ ቤቱ መዝገብ አብሮ ነደደ፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለው ፋይል ዛሬ የለም። በ1905 ምሥራቅ ኢሊኖይ የሚባል ሦስተኛ ዲስትሪክት ተጨመረ። በ1979 ደግሞ ካርታው እንደገና ተሠርቶ ሰሜን፣ መካከለኛና ደቡብ ሆነ። ዛሬም ያለው ይህ ነው።

የዛሬው ሰሜን ዲስትሪክት 18 ካውንቲዎችን ይይዛል። ሁለት ክፍል አለው። ምሥራቁ ክፍል ቺካጎ ላይ ሲያስችል ኩክን፣ ዱፔጅን፣ ሌክን፣ ዊልን፣ ኬንን፣ ኬንደልን፣ ግራንዲንና ላሳልን ያያል። ምዕራቡ ሮክፈርድ ላይ ሆኖ የቀሩትን አሥር ይይዛል። ማክሄንሪ ካውንቲ የሚኖሩ ወገኖች ይጠንቀቁ፤ ቺካጎ ቢቀርባችሁም ክፍላችሁ ሮክፈርድ ነው።

እንግዲህ ደንቡ በአጭሩ፦ ተከሳሹ በሚኖርበት ዲስትሪክት ወይም የነገሩ ዋና ክፍል በተፈጸመበት ዲስትሪክት ይከሳሉ። በተጨማሪ ፍርድ ቤቱ በተከሳሹ ላይ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። ኢሊኖይን ረግጦ የማያውቅ፣ ከኢሊኖይ ጋር ንግድ የሌለው የነቫዳ ሰው ዝም ብሎ ቺካጎ አይጎተትም።

ሌላም ነገር አለ። ተከሳሹ «ሥልጣን አላችሁ፤ ግን ጉዳዩ ሌላ አገር ቢታይ ይሻላል» ብሎ ሊከራከር ይችላል። በአውሮፕላን አደጋ ክስ የተለመደ መከራከሪያ ነው። የእኛ ሰዎች የፈሩትም ይህን ነበር። በኖቬምበር 2021 ግን ቦይንግ ኃላፊነቱን ተቀበለ፤ የውጭ አገር ቤተሰቦችም ካሳቸውን ኢሊኖይ ላይ እንዲጠይቁ ተስማማ። በምላሹ የቅጣት ካሳ (ከጉዳቱ ካሳ በላይ፣ ጥፋተኛውን ለመቅጣት የሚከፈለው) ከጨዋታው ወጣ። ይህ ብዙ ያከራከረ ድርድር ነው፤ እኔም እስካሁን አልተዋጠልኝም። በኖቬምበር 2025 የመጀመሪያው የጁሪ ችሎት ተካሂዶ ለአንዲት ሕንዳዊት ሟች ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተወሰነ።

የወደቀበት ቦታስ? እሱም ዋጋ አለው። ከቢሾፍቱው አደጋ አምስት ወር ገደማ ቀድሞ፣ በኦክቶበር 2018፣ ተመሳሳይ አውሮፕላን ጃቫ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰው ሞቶ ነበር። እነዚያም እዚሁ ቺካጎ ከሰሱ። ነገር ግን በባሕር ላይ ሞት የሚገዛበት የተለየ ሕግ ስላለ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2024 ጁሪ አይገባችሁም አላቸው። አንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ አንድ ፍርድ ቤት፤ አንዱ ምድር ላይ ሌላው ውሃ ላይ በመውደቁ ብቻ የአንዱን ፈራጅ ጁሪ፣ የሌላውን ዳኛ ብቻ አደረገው። ቦይንግ የተከሰሰበት የወንጀል ፋይል ደግሞ ጭራሽ ቺካጎ አልነበረም፤ የተከፈተው ቴክሳስ፣ ፎርት ወርዝ ነው።

ደረጃ 4፦ የማይመጣውን ይወቁ

ፍቺ፣ የልጅ አሳዳጊነት፣ ውርስ፣ የቤት ኪራይ ጠብ፣ የትራፊክ ቅጣት፦ እነዚህ የስቴት ናቸው። ዴሊ ሴንተር ይሂዱ። ጉዳይዎ ከ10,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ ኢሊኖይ ውስጥ አነስተኛ የገንዘብ ክስ የሚታይበት ችሎት አለ፤ ቀላል ነው።

ኢሚግሬሽን ላይ ግን ትልቅ ውዥንብር አለ። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የሚባለው ይህ ፍርድ ቤት አይደለም። እዚያ የሚቀመጠው ዳኛ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሠራተኛ ነው። ጥገኝነት ተከልክለው ከአገር ውጡ ከተባሉ ይግባኙ ወደ ኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሰባተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዲስትሪክቱን ይዘለዋል።

ዲስትሪክቱ የሚገባበት ሌላ ቦታ አለ። ለዜግነት ኢንተርቪው አድርገው 120 ቀን አልፎ መልስ ካላገኙ በሚኖሩበት ዲስትሪክት መክሰስ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ክሱ ሲገባ ፋይሉ ከተቀመጠበት ይነሳል። ያለ አግባብ የታሰረ ዘመድ ካለ ደግሞ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚቀርበው እዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን ይዩ

አገር ቤት «ይርጋ» የምንለው ነገር እዚህ ርኅራኄ የለውም። የሥራ አድልዎ ከሆነ መጀመሪያ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከት ግድ ነው፤ ኢሊኖይ ውስጥ በ300 ቀን ውስጥ። ኮሚሽኑ «መክሰስ ትችላለህ» የሚል ደብዳቤ ሲሰጥዎ 90 ቀን አለዎት። የሶሻል ሴኩሪቲ አበል ተከልክለው የመጨረሻውን ውሳኔ ካገኙ 60 ቀን። ኢሊኖይ ውስጥ ለአካል ጉዳት ክስ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ፖስታውን አይጣሉት፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን አንድ ቀን ያድንዎት ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ፋይሉን ይክፈቱ

መዝገብ ቤቱ ዲርክሰን ሕንፃ 20ኛ ፎቅ ላይ ነው። የሚያስፈልግዎ አቤቱታው፣ የመሸኛ ቅጹ፣ መጥሪያውና 405 ዶላር ነው። መክፈል ካልቻሉ በድህነት ለመክሰስ የሚጠይቁበት ቅጽ አለ፤ ገቢዎንና ወጪዎን በሐቅ ይሙሉ፤ ውሸት ከተገኘበት ክሱ ራሱ ይወድቃል።

አቤቱታው እንደ ድሮው «በላ ልበልሃ» በቅኔ የሚያሸንፉበት አይደለም። የፌዴራሉ ሥነ ሥርዓት ደንብ ሦስት ነገር ነው የሚፈልገው፣ ያውም ባጭሩ። ፍርድ ቤቱ ለምን ሥልጣን እንዳለው፤ ምን እንደተደረገብዎት፤ ምን እንዲወሰንልዎ እንደሚፈልጉ። ሥልጣኑ መጀመሪያ መምጣቱን ልብ ይበሉ። አንቀጾቹን ቁጥር ይስጧቸው። በእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ነገር ይበሉ፤ ቀን፣ ቦታ፣ ማን ምን እንዳደረገ። በጁሪ እንዲታይልዎ ከፈለጉ ያኔውኑ ይጻፉት፤ ካለፈ መብቱ ይቀራል።

ያለ ጠበቃ ለራስዎ መቆም ይችላሉ። ለእናትዎ ግን መቆም አይችሉም፤ ለከፈቱት ኩባንያም እንዲሁ። ሕንፃው ውስጥ ያለ ጠበቃ ለሚከራከሩ ሰዎች በቀጠሮ ነፃ ምክር የሚሰጥ ፕሮግራም አለ፤ በሟቹ ዳኛ ዊሊያም ሂብለር ስም የተሰየመ ነው። መዝገብ ቤቱን ይጠይቁ። ወረቀቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። በፍትሐ ብሔር ክርክር ደግሞ አስተርጓሚ ከፍርድ ቤቱ አይጠብቁ፤ ራስዎ ያዘጋጁ። የአጎት ልጅ አይሁን። ዘመድ ሲተረጉም ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ያለቅሳል።

ፋይሉ ሲከፈት ዳኛው በዕጣ ይደርስዎታል። ይህ ዲስትሪክት በሕግ የተፈቀዱለት 22 የዳኛ ወንበሮች አሉት። በ1961 ከእነዚህ በአንዱ ላይ ጄምስ ፓርሰንስ ተሾሙ፤ በመላው አሜሪካ የዕድሜ ልክ ሹመት ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር የዲስትሪክት ዳኛ ናቸው።

ከዚያ መጥሪያውን በ90 ቀን ውስጥ ያደርሳሉ። ራስዎ አይደለም፤ 18 ዓመት የሞላውና ባለጉዳይ ያልሆነ ሰው ነው የሚያደርሰው። ተከሳሹ መልስ ለመስጠት 21 ቀን አለው፤ የአሜሪካ መንግሥት ከሆነ 60። የመጀመሪያው መልስ ብዙውን ጊዜ መቃወሚያ ነው። «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም» የሚለውን ያዩታል። ደረጃ 2ን በደንብ ከሠሩ አይደንግጡ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ እርስዎ ስቴት ፍርድ ቤት ከስሰው ሳለ ተከሳሹ ራሱ ወደ ፌዴራል ሊጎትትዎት ይችላል፣ ጉዳዩ በሩን የሚያልፍ ከሆነ። ለዚህ 30 ቀን አለው። ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን ይወዳሉ።

ደረጃ 7፦ ፋይሉን ይከታተሉ

ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ገብተው መቀመጥ ይችላሉ። ፎቶና ቪዲዮ ክልክል ነው። ከሩቅ ላሉ ደግሞ ፔሰር የሚባል የፌዴራሉ ድረ ገጽ አለ። በገጽ 10 ሳንቲም ያስከፍላል፤ አንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አይበልጥም። በሦስት ወር ውስጥ ከ30 ዶላር በላይ ካልተጠቀሙ ምንም አይከፍሉም። የበረራ 302ን መዝገብ አዲስ አበባ ሆኖ ማንበብ ይቻላል ማለት ነው። ዜና ከሚነግረኝ ይልቅ እኔ እሱን ነው የማምነው።

ቢሸነፉስ? ይግባኙ ለሰባተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት (ሰባተኛው ሰርኪዩት ይሉታል) ነው፤ ኢሊኖይን፣ ኢንዲያናንና ዊስኮንሲንን ያያል። 30 ቀን አለዎት፤ መንግሥት ባለጉዳይ ከሆነ 60። የይግባኙን ማስታወቂያ የሚያስገቡት እዚያው 20ኛ ፎቅ ላይ ነው። ክርክሩ ግን ላይ ነው፣ በዚያው ሕንፃ፤ የሰባተኛው መዝገብ ቤት 27ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱን ይያዙ።